የአዮናይዜሽን ኢነርጂ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ፦ መስመሩ ስለሚታጠፍባቸው ቦታዎች

የተከበራችሁ አድማጮች፣

የዛሬው ንግግሬ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው አንድ ቁጥር ነው። አንድ ንጥረ ነገር በጋዝ መልክ ሆኖ አቶሞቹ ተራርቀው ለየብቻቸው ሲገኙ፣ ከአቶሙ እጅግ ላልቶ የተያዘውን አንድ ኤሌክትሮን ነጥሎ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ የመጀመሪያው የአዮናይዜሽን ኢነርጂ ይባላል። የኬሚስትሪ ሰዎች ይህን መጠን በአብዛኛው በኪሎጁል በሞል (ሞል እጅግ ብዙ አቶሞችን በአንድነት የሚቆጥር መለኪያ ነው) ይገልጹታል፤ የፊዚክስ ሰዎች ደግሞ አንድን አቶም ብቻ አስበው በኤሌክትሮንቮልት ይናገሩታል፤ አንዱ ኤሌክትሮንቮልት ለአንድ ሞል አቶሞች ሲሰላ ወደ 96.5 ኪሎጁል ይመጣል። ሃይድሮጅን 1312፣ ሂሊየም 2372፣ ሊቲየም 520 ኪሎጁል በሞል ይጠይቃሉ። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መካከል ያለው መውጣትና መውረድ ብቻውን ስለ አቶም ውስጣዊ አሠራር ብዙ ይናገራል።

በትምህርት ቤት ጉዳዩ የሚቀርበው በሁለት ቀስቶች ነው። አንደኛው ቀስት በሰንጠረዡ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ የአዮናይዜሽን ኢነርጂ እንደሚጨምር፣ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ስንወርድ እንደሚቀንስ ያመለክታል። ቀስቶቹ አጠቃላዩን አቅጣጫ በትክክል ያሳያሉ። ሆኖም እነርሱን ብቻ የያዘ ተማሪ ቦሮን ከቤሪሊየም፣ ኦክስጅንም ከናይትሮጅን ያነሰ ቁጥር እንዳላቸው ሲያይ ነገሩን «ከሕግ ውጭ» በሚል መዝገብ አስፍሮ በቃሉ ይይዘዋል። በእኔ እምነት ግን መስመሩ የሚታጠፍባቸው እነዚህ ቦታዎች ሕጉ ጎልቶ የሚነበብባቸው ናቸው፤ ጊዜዬንም የማጠፋው በአብዛኛው በእነርሱ ላይ ነው።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ በአጭሩ ላንሳ። አቶም ብርሃንን የሚውጠውም የሚያወጣውም በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ነው። እነዚህ የብርሃን መስመሮች ወደ አጭር ሞገድ በተጓዙ ቁጥር እየተቀራረቡ ሄደው በአንድ ወሰን ላይ ያበቃሉ፤ ያም ወሰን ኤሌክትሮኑ ከአቶሙ የሚለይበት ነጥብ ነው። ለሃይድሮጅን ወሰኑ 91.2 ናኖሜትር ላይ ይገኛል፤ ወደ ኢነርጂ ሲቀየር 13.6 ኤሌክትሮንቮልት ይሆናል። ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበው የአቶም ሞዴል ክብደት ያገኘው ይህን የመሰለውን ቁጥር ከተፈጥሮ ቋሚዎች ተነሥቶ በስሌት ማግኘት በመቻሉ ነው። በ1914 ደግሞ ጄምስ ፍራንክና ጉስታፍ ኸርትዝ በሜርኩሪ ተን ውስጥ ኤሌክትሮኖችን እያፈጠኑ ሲያሳልፉ፣ ኤሌክትሮኖቹ 4.9 ኤሌክትሮንቮልት ላይ ሲደርሱ ኢነርጂያቸውን በድንገት እንደሚያጡ ተመለከቱ፤ መጀመሪያም ቁጥሩን የሜርኩሪ የአዮናይዜሽን ኢነርጂ አድርገው ተረጎሙት። ኋላ እንደተረጋገጠው 4.9 የሜርኩሪ ኤሌክትሮን ከአቶሙ ሳይወጣ ወደ ከፍተኛ እርከን፣ ማለትም ወደ ከፍተኛ የኢነርጂ ደረጃ፣ የሚዘልበት መጠን ሲሆን፣ ጨርሶ ለመለየት የሚያስፈልገው 10.4 ኤሌክትሮንቮልት ነው። ዛሬ ቁጥሮቹ የሚለኩት በአብዛኛው በሌዘር ብርሃንና ከአቶሙ ተነጥለው የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች በመመዘን ነው፤ ለብዙዎቹ ንጥረ ነገሮችም እጅግ በላቀ ጥራት ይታወቃሉ።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ኤሌክትሮንን በአቶሙ ውስጥ የሚይዘው የኒውክለሱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው፤ ይህን ስበት የሚያዳክሙት ደግሞ ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ የሚገኝበት ርቀትና የሌሎቹ ኤሌክትሮኖች ግፊት ናቸው። የግፊቱን ክብደት ከሂሊየም የተሻለ የሚያሳየን የለም። የሂሊየም ኒውክለስ ሁለት ፕሮቶኖች አሉት። አንደኛው ኤሌክትሮን ከወጣ በኋላ የቀረው ከኒውክለሱ ጋር ብቻውን ነው፤ እርሱን ለማውጣት 5250 ኪሎጁል በሞል ያስፈልጋል፤ ይህም የሃይድሮጅን አራት እጥፍ ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ባለው አቶም ውስጥ የኒውክለሱ ቻርጅ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኢነርጂ አራት እጥፍ ይሆናልና። የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለማውጣት ግን 2372 ይበቃል። ኒውክለሱ ያው ነው፤ እርከኑም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሁለተኛው ኤሌክትሮን መኖር ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነውን የመያዣ ኢነርጂ የበላው የሁለቱ ኤሌክትሮኖች መገፋፋት ነው ማለት ነው።

ሊቲየም ሌላ ነገር ያስተምረናል። ሦስት ፕሮቶኖች ስላሉት ኒውክለሱ ከሂሊየም ይልቅ የበረታ ሆኖ ሳለ፣ የአዮናይዜሽን ኢነርጂው ወደ 520 ይወርዳል። ሦስተኛው ኤሌክትሮን በመጀመሪያው እርከን ቦታ ስለማያገኝ በሁለተኛው ላይ ይቀመጣል፤ የውስጦቹ ሁለት ኤሌክትሮኖችም ከኒውክለሱ ይጋርዱታል። ይሁንና ግርዶሹ ምን ያህል ሙሉ እንደሆነ በቀላል ስሌት መመርመር እንችላለን። የውስጦቹ ኤሌክትሮኖች ሁለቱን ፕሮቶኖች ሙሉ በሙሉ ቢጋርዱ ኖሮ የውጭው ኤሌክትሮን የአንድ ፕሮቶን ስበት ብቻ ይሰማው ነበር፤ ለማውጣትም የ1312 አንድ አራተኛ፣ ማለትም 328 በበቃ ነበር። ጨርሶ ባይጋርዱት ደግሞ 2952 በጠየቀ ነበር። እውነተኛው 520 በሁለቱ መካከል ሆኖ ወደ ታችኛው ተጠግቶ ይገኛል፤ ከእርሱ ተነሥተን ስናሰላ ኤሌክትሮኑ የሚሰማው ቻርጅ ወደ 1.26 ይሆናል። ትርፉ 0.26 ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ የሁለተኛው እርከን የኤስ ኤሌክትሮን (እርከኖች ኤስ፣ ፒ፣ ዲና ኤፍ በሚባሉ ንዑስ እርከኖች ይከፈላሉ) አልፎ አልፎ የውስጦቹን ኤሌክትሮኖች ክልል ዘልቆ ወደ ኒውክለሱ መቅረቡ ነው የሚል ነው። ይህን ዘልቆ የመግባት ጠባይ እናስታውሰው፤ ጥቂት ቆይቶ ቦሮን ላይ ያስፈልገናል።

በሁለተኛው ረድፍ ላይ ከሊቲየም እስከ ኒዮን ያሉት ቁጥሮች በተርታ እነዚህ ናቸው፦ 520፣ 900፣ 801፣ 1086፣ 1402፣ 1314፣ 1681፣ 2081። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ይጨመራሉ። አዲሱ ኤሌክትሮን የሚጨመረው በዚያው እርከን ላይ ስለሆነ ጎረቤቶቹን ከኒውክለሱ የሚጋርደው በከፊል ብቻ ነው፤ አዲሱ ፕሮቶን ግን ስበቱን በሙሉ ያሳርፋል። ስለዚህ አቶሙ እየጠበበ፣ ኤሌክትሮኖቹም እየጠበቁ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ቀስት ትርጉም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዝቅታ ቦሮን ላይ ነው። እስከ ቤሪሊየም ድረስ ኤሌክትሮኖቹ የሚገቡት ወደ ኤስ ንዑስ እርከን ሲሆን፣ የቦሮን አምስተኛ ኤሌክትሮን ግን በፒ ንዑስ እርከን ይቀመጣል። የፒ ኤሌክትሮን እንደ ኤስ ኤሌክትሮን ወደ ኒውክለሱ አይቀርብም፤ በኒውክለሱ ነጥብ ላይ የመገኘት ዕድሉ ዜሮ ነው። በዚህም ምክንያት ግርዶሹ ይበረታበታል፤ የኤስ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ይጋርዱታል። አምስተኛው ፕሮቶን ያመጣው ትርፍ ይህን ኪሳራ አይሸፍንም፤ ቁጥሩም ከ900 ወደ 801 ይወርዳል። በሦስተኛው ረድፍም ከማግኒዚየም ወደ አሉሚኒየም ሲታለፍ ያው ነገር ይደገማል፤ 738 ወደ 578 ይወርዳል። ሁለት የተለያዩ ረድፎች በአንድ ቦታ መውደቃቸው እርከኖች በውስጣቸው ንዑስ እርከኖች እንዳሏቸው ከሚያሳዩ ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ዝቅታ ኦክስጅን ላይ ነው፤ እዚህ ላይ በብዙ መማሪያዎች ከሚሰጠው ማብራሪያ ጋር አልስማማም። የተለመደው ማብራሪያ «የናይትሮጅን ፒ ንዑስ እርከን በግማሽ የተሞላ ስለሆነ ልዩ መረጋጋት አለው» የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ናይትሮጅን ከጎረቤቶቹ መስመር በላይ ብቻውን ከፍ ብሎ መታየት ነበረበት። ቁጥሮቹን እንመልከት። ከቦሮን ወደ ካርቦን ጭማሪው 285፣ ከካርቦን ወደ ናይትሮጅን 316 ነው፤ ሦስቱ ንጥረ ነገሮች ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይውላሉ ቢባል አልተጋነነም። ከኦክስጅን ወደ ፍሎሪን ጭማሪው 367፣ ከፍሎሪን ወደ ኒዮን 400 ነው፤ እነዚህም ሦስቱ የራሳቸው ቀጥ ያለ መስመር አላቸው። የመጀመሪያውን መስመር፣ ጭማሪው በየእርምጃው እንደ እስካሁኑ በ31 ከፍ እያለ እንደሚሄድ አድርገን፣ ወደ ቀኝ ብናስረዝመው ኦክስጅንም ፍሎሪንም ኒዮንም ከእርሱ በታች ይገኛሉ፤ የሚጎድላቸውም ለሦስቱም ተቀራራቢ የሆነ ከ400 የሚበልጥ ኪሎጁል ነው። እንግዲህ ናይትሮጅን የተለየ ከፍታ የለውም፤ ዝቅ ያሉት ከእርሱ በኋላ የመጡት ሦስቱ ናቸው።

ምክንያቱ የሚገኘው በኤሌክትሮኖቹ አቀማመጥ ነው። ሦስቱ የናይትሮጅን ፒ ኤሌክትሮኖች ሦስት የተለያዩ ኦርቢታሎችን (እያንዳንዳቸው ከሁለት በላይ ኤሌክትሮን የማይዙ ክልሎችን) ለየብቻ ይይዛሉ፤ ስፒናቸውም (ሁለት አቅጣጫ ብቻ ያለው የኤሌክትሮን ባሕርይ) አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት ስፒን ያላቸው ኤሌክትሮኖች በኳንተም ሕግ ምክንያት እርስ በርስ ይሸሻሉ፤ ስለተራራቁም መገፋፋታቸው ይቀንሳል። የኦክስጅን አራተኛ ፒ ኤሌክትሮን ግን የግድ ስፒኑን ገልብጦ አስቀድሞ ወደተያዘ ኦርቢታል መግባት አለበት። ከጓደኛው ጋር አንድ ቦታ ስለሚጋራ ይገፋል፤ በመራራቅ የሚገኘውንም ቅናሽ ያጣል። ፍሎሪንና ኒዮንም የሚጨምሯቸው ኤሌክትሮኖች ያንኑ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ሦስቱም አብረው ዝቅ ያሉት ለዚህ ነው። ማብራሪያው ትክክል መሆኑን የምናረጋግጥበት ሌላ መንገድም አለ። ኦርቢታሎቹ ሰፊ በሆኑ ቁጥር አንድ ቦታ የሚጋሩ ኤሌክትሮኖች መገፋፋት መቀነስ አለበት፤ ስለዚህም ዝቅታው በታችኞቹ ረድፎች መለስለስ ይኖርበታል። በእርግጥም ከናይትሮጅን ወደ ኦክስጅን የ88 ኪሎጁል ቅናሽ ሲኖር፣ ከፎስፈረስ (1012) ወደ ሰልፈር (1000) 12 ብቻ፣ ከአርሰኒክ (947) ወደ ሴሊኒየም (941) ደግሞ 6 ብቻ ነው። ለእኔ ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው።

የሽግግር ብረቶቹን፣ ማለትም በሰንጠረዡ መካከል የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች፣ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ከስካንዲየም (633) እስከ ብረት (762) ባሉት አምስት እርምጃዎች ጭማሪው ከሁለተኛው ረድፍ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አዝጋሚ ነው፤ አዲሶቹ ኤሌክትሮኖች በውስጠኛው ዲ ንዑስ እርከን እየገቡ የውጭውን የኤስ ኤሌክትሮን በደንብ ስለሚጋርዱት አዲሱ ፕሮቶን የሚያመጣው ትርፍ አብዛኛው ይባክናል። መጀመሪያ የሚወጣውም ያ የውጭው ኤስ ኤሌክትሮን ነው።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቀስት በመጀመሪያው ዓምድ ላይ እስከ ሲዚየም ድረስ ያለ እንከን ይሠራል፤ ሊቲየም 520፣ ሶዲየም 496፣ ፖታሲየም 419፣ ሩቢዲየም 403፣ ሲዚየም 376። እርከኖቹ እየጨመሩ የውጭው ኤሌክትሮን ይርቃል። ከሲዚየም ቀጥሎ የሚመጣው ፍራንሲየም ግን 393 ነው፤ ከሲዚየም ይበልጣል። ስለዚህ ከሁሉም ንጥረ ነገሮች ኤሌክትሮኑን በዝቅተኛ ኢነርጂ የሚሰጠው፣ ከተለኩት መካከል፣ ሲዚየም ነው። በሌሎች ዓምዶችም ተመሳሳይ መታጠፍ አለ። አሉሚኒየም 578፣ ከሥሩ ያለው ጋሊየም 579 ነው፤ በሁለቱ መካከል አሥር የሽግግር ብረቶች ገብተው አሥር ፕሮቶኖች ሲጨመሩ፣ የዲ ኤሌክትሮኖቹ ግርዶሽ ያንን ሁሉ ስላላካካሰ ርቀቱ ያመጣውን ቅናሽ አጥፍቶታል። ብር 731 ሲሆን ከሥሩ ያለው ወርቅ 890 ነው። ወርቅ ላይ ሁለት ምክንያቶች ይደራረባሉ። አንደኛው ከእርሱ በፊት የገቡት አሥራ አራት የኤፍ ኤሌክትሮኖች ግርዶሻቸው ደካማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው አንጻራዊነት፣ ማለትም ለብርሃን ፍጥነት በተጠጉ ነገሮች ላይ ጎልቶ የሚታየው የአይንስታይን ሕግ፣ ነው፤ 79 ፕሮቶኖች ባሉት ኒውክለስ አጠገብ የመጀመሪያው እርከን ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በሚበልጥ ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፤ በዚህ ፍጥነት የኤስ ኦርቢታሎች ይጠባሉ፤ ጥበቱም እስከ ውጭው ኤስ ኤሌክትሮን ይደርሳል። የፍራንሲየም ቁጥር ከፍ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአይንስታይን ልዩ አንጻራዊነት በአንድ ዓምድ ግርጌ ላይ በሚታይ የ17 ኪሎጁል ልዩነት ይነበባል።

ይህ አስተሳሰብ እስከ ሰንጠረዡ ዳርቻ ድረስ ይሠራል። ሎረንሲየም፣ 103ኛው ንጥረ ነገር፣ የሚገኘው በአክስለሬተር ጥቂት ጥቂት አቶሞች እየተሠሩ ነው፤ ለመለኪያ የዋለው አይሶቶፕ (የንጥረ ነገሩ አንድ ዓይነት) ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሾቹ አቶሞች የሚፈርሱበት ጊዜ፣ 27 ሰከንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓን የተሠራ ሙከራ የአዮናይዜሽን ኢነርጂው 4.96 ኤሌክትሮንቮልት መሆኑን ለካ፤ ከፊቱ ካለው ኖቤሊየም 6.6 አካባቢ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ኤፍ ንዑስ እርከኑ ከሞላ በኋላ የመጣው ኤሌክትሮን በላላ ሁኔታ እንደተያዘ ቁጥሩ ያሳያል፤ ከላይ በአንደኛው ረድፍ ማግስት ሊቲየም ላይ፣ ከዚያም ቦሮን ላይ ያየነው ዓይነት ውድቀት ነው።

ሁለተኛና ሦስተኛ ኤሌክትሮኖችን እያወጣን ብንቀጥል ሌላ ምስል እናገኛለን። ሶዲየም 496፣ 4562 ይጠይቃል። ማግኒዚየም 738፣ 1451፣ 7733። አሉሚኒየም 578፣ 1817፣ 2745፣ 11577። በእያንዳንዳቸው አንድ ትልቅ ዝላይ አለ፤ ዝላዩ የሚመጣው የውጭው እርከን ኤሌክትሮኖች አልቀው ወደ ውስጠኛው ስንገባ ነው። ንጥረ ነገሩ በየትኛው ዓምድ እንደሚገኝ ስሙን ሳናውቅ ከዝላዩ ብቻ መናገር እንችላለን።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ሶዲየም ውጫዊ እርከኑን ለመሙላት ሲል ኤሌክትሮኑን መስጠት ይፈልጋል» ብለው ይማራሉ። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በራሱ ፈቃድ ፈጽሞ አይሰጥም፤ 496 ኪሎጁል ከውጭ ካልመጣለት አይለቅም። ክሎሪን ያንን ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚያስገኘው 349 ብቻ ነው። ተለያይተው በሚገኙ አቶሞች ደረጃ ሂሳቡ 147 ኪሎጁል ይጎድለዋል። ጉድለቱን የሚሸፍነው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮኖቹ ተቀራርበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚለቀቀው 787 ኪሎጁል ያህል ኢነርጂ ነው። ሶዲየም ሁለተኛ ኤሌክትሮን የማይሰጠውም 4562ን መክፈል የሚችል ክሪስታል ስለሌለ ነው። የተሞላ እርከን የምንለው ነገር በሂሳቡ ውስጥ የሚገባው ከዝላዩ በፊትና በኋላ ባሉት ቁጥሮች አማካይነት እንጂ እንደ ፍላጎት አይደለም።

ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውጭም ይህ ቁጥር ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የካልሲየም አዮን መስመሮች እጅግ ጎልተው ስለሚታዩ፣ የሃይድሮጅን ግን ደከም ስለሚሉ፣ ፀሐይ ከምድር ጋር ተመሳሳይ ይዘት አላት ተብሎ ይታሰብ ነበር። ህንዳዊው ሜግናድ ሳሃ እ.ኤ.አ. በ1920 የአዮናይዜሽን ኢነርጂን ከሙቀት ጋር የሚያገናኝ ቀመር አወጣ። ሴሲሊያ ፔይን በ1925 በዶክትሬት ጥናቷ ቀመሩን በከዋክብት ብርሃን ላይ ስትተገብር፣ ካልሲየም የጎላው በ590 ኪሎጁል ብቻ ኤሌክትሮኑን ስለሚያጣ እንጂ ብዛት ስላለው እንዳልሆነ፣ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ግን ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ እንደሚበዙ ስሌቱ አሳያት። ውጤቱ በጊዜው ከነበረው እምነት በጣም ስለራቀ በጥናቷ ላይ በጥርጣሬ ነበር የጻፈችው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ትክክል መሆኑ ታወቀ።

በመጨረሻ ስለ ዜኖን ላንሳ። የመጨረሻው ዓምድ ጋዞች ከማንም ጋር እንደማይዋሃዱ ለአሥርት ዓመታት ይታመን ነበር። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኒል ባርትሌት፣ ፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ከኦክስጅን ሞሌኪውል ኤሌክትሮን መንጠቅ እንደሚችል ደረሰበት። የኦክስጅን ሞሌኪውል የአዮናይዜሽን ኢነርጂ 1175 ኪሎጁል በሞል ነው። ባርትሌት የዜኖንን ሲመለከት 1170 ሆኖ አገኘው። ከኦክስጅን መንጠቅ ከተቻለ ከዜኖንም መንጠቅ ይቻላል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለቱን ጋዞች አገናኛቸው፤ ወዲያውም ብርቱካናማ ቢጫ ጠጣር ነገር ተፈጠረ። በዚያው ዓመት የዜኖን ፍሎራይዶች ተሠሩ፤ ቁጥሩ 1351 የሆነው ክሪፕተን ተከተለ፤ 1521 የሆነው አርገን እስከ 2000 ድረስ ቆይቶ ከፍሎሪንና ከሃይድሮጅን ጋር የሠራው ውህድ በእጅግ ዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ተገኘ። 2081 የሆነው ኒዮን እስካሁን እንደ እነዚህ ያለ ውህድ አልሠራም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው ካለ አሁን መቀበል እንችላለን።